ሳይሞቅ የወጣው ክምር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት በጩኸት ነው። ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ የእጅ ጋሪ፣ አንድ አካፋና ስድስት ባዶ ማዳበሪያ ተሰጠኝና «የሚበሰብስ ነገር ሰብስበህ ና» ተባልኩ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

ያዘዙኝ ጋሽ ግርማ ናቸው። የጎንደር ሰው ናቸው። ባዮሎጂ ሊያስተምሩ መጥተው እዚሁ ቀሩ፣ እዚሁ ጡረታ ወጡ። ጡረታው ሲሰለቻቸው ደግሞ ቆሻሻን ወደ ኮምፖስት የሚቀይር ማህበር አቋቁመው ሊቀመንበር ሆኑ። እኔ ሸምሱ ነኝ። አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ቆራሌ ሠርቻለሁ። ዛሬ በየስብሰባው «መልሶ መጠቀም» እያሉ ውሃ በፕላስቲክ የሚጠጡት ሰዎች ቃሉን ሳይሰሙ በፊት፣ እኔ የተቀደደ ጀሪካንና አንድ እግር ጫማ ወደ ገበያ እመልስ ነበር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ከሬዲዮና ከተጣለ ጋዜጣ አሟልቼዋለሁ። ጋዜጣ በኪሎ ስገዛ እያነበብኩ ነው የምመዝነው።

ችግር የሆነብኝ ጩኸቱ ነው። ቆራሌ ማለት «ቆርቆሮ ያለው» ነው፤ አፍ ውስጥ ሲመላለስ አጠረ። አሁን ግን የምፈልገው ልጣጭ ነው። ቆራሌ ብዬ ብጮህ ሰው አሮጌ ድስት ይዞ ይወጣል። «ልጣጭ ያለው» ደግሞ ረዘመብኝ፤ ጋሪ እየገፉ አይጮህም። ሦስተኛው በር ላይ ስደርስ ሳላስበው «ልጣሌ!» ብዬ ለቀቅኩት።

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን እያጣፋች ብቅ አለችና አዘነችልኝ። ልጅ የጠፋብኝ መስሏታል። ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ለብሶ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። የድንች ልጣጭ ነው የምፈልገው ስላት በሩን ዘጋችብኝ፤ ከዚያ መልሳ ከፈተችና አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ ወልቂጤ ውስጥ ሸምሱ ብትሉ የሚያውቀኝ የለም። ልጣሌ በሉ፤ ባጃጁ ራሱ በር ላይ ያደርሳችኋል።

ማታ ሳይደርስ ስድስቱም ማዳበሪያ ሞላ። ከምግብ ቤት ልጣጭ፣ ከቡና መቀሸሪያ ገለፈት፣ ከአናጺ ሰጋቱራ፣ ከዶሮ ቤት ኩስ፣ ከጫት ተራ ገራባ። ገራባ፣ ሰው ቅሞ የሚጥለው ቅጠልና እንጨት፣ እዚህ አገር ክረምት ከበጋ አያልቅም። ተቀናቃኞቼ ፍየሎች ናቸው። ቀድመውኝ ይደርሳሉ፣ ምርጡን ይበላሉ፣ ከዚያ አላፊ አግዳሚው ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይቆማሉ። ሥራ ያለው ፍየል ነው የሚመስሉት።

የመጀመሪያው ምርታችን ሲደርስ የመጀመሪያው ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ማዳበሪያ አለ?» አለ። ደስ ብሎኝ አንዱን አወጣሁለት። አሸተትኩለት፣ በጣቴ አሽቼ አሳየሁት፣ እርጥበት እንዴት እንደሚይዝ አስረዳሁት። ሰውዬው በትዕግሥት ሰማኝ፣ የጠየቅኩትን ከፈለ፣ ከዚያ አፈሩን እግሬ ሥር ገልብጦ ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሄደ። ለካ የፈለገው ዕቃ መክተቻ ኖሯል። ጥፋቱ የአማርኛው ነው፤ ማዳበሪያውንም ማዳበሪያ የገባበትንም በአንድ ስም ይጠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ የምሸጠውን ፍግ ነው የምለው።

ጋሽ ግርማ ሰኞ ሰኞ ያስተምሩናል። አንድ ሰኞ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣሉ። ላም፣ እበት፣ አፈር፣ ተክል፣ ሰው፤ በመሃላቸው ቀስት። የበላነው ካርቦንና ናይትሮጅን ከእኛ በፊት ስንት ሆድ ውስጥ እንዳለፈ፣ ስንት ቅጠል እንደነበረ፣ ሲያስረዱ ዓይናቸው ያበራል።

«ምንም ነገር አይጠፋም ሸምሱ፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው» አሉ።

«ጋሽ ግርማ፣ ይሄማ ቆራሌ ነው» አልኳቸው።

ጠመኔውን አስቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ። እኔ ትምህርቱን ለሠራተኛው ተረጎምኩት፤ ሦስት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ፣ ሳይጫን ይከመር፣ አየር ያግኝ፣ በመንሽ ይገላበጥ። «ካርቦን» ያለ ሰው ሻይ ይጋብዛል ብዬ ደነገግሁ። በጣም የጋበዙን ጋሽ ግርማ ናቸው።

ስለ ራሳቸውም ያወሩልናል። መጀመሪያ የመጡ ሰሞን አከራያቸውን «ሙዛችሁ መቼ ነው የሚያፈራው?» ብለው ጠይቀው ነበር። አከራይየው በቁም ነገር «ዘንድሮ እንኳ አይመስለኝም» አሏቸው። ሁለተኛውን ዓመትም እንደዚያው አሏቸው። እንሰት መሆኑን የነገራቸው ተማሪ ነው፤ ያውም በፈተና ወረቀት ላይ።

የእኔ ማዕረግ የክምር ኃላፊ ነው። መሣሪያዬ አካፋ፣ መንሽ፣ ወንፊትና አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ፌሮ ነው። ቴርሞሜትር የለንም። ፌሮውን ክምሩ ሆድ ውስጥ እሰካዋለሁ፣ ሻይ እስክጠጣ እቆያለሁ፣ ስቤ በመዳፌ እጨብጠዋለሁ። ሦስት እስክቆጥር መያዝ ከቻልኩ ክምሩ ሰነፍ ነው። ካቃጠለኝ በሽታውንም የአረሙን ዘርም እየፈጀው ነው። በዚህ እጄ ስንት ክምር እንዳለፈ ብነግራችሁ ጉራ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ብዙ ነው ብቻ ልበል።

ጉራዬ ግን አንድ ቀን ልክ አጣ። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው፣ ሰው ግር ብሏል። እንቁላል በጨርቅ ጠቅልዬ ጠዋት የሚጨሰው ክምር ውስጥ ቀብሬ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሕዝብ ፊት አወጣሁት፣ ላጥኩት፣ ጨው ነስንሼ በላሁት። ጋሽ ግርማ ቅመሱ ስላቸው ጾም ነው አሉ። ጾም አልነበረም።

ከተሰበሰቡት መሃል አንዲት እናት አልሳቁም። እማማ ዘነቡ ይባላሉ፤ ከእምድብር ወዲያ ካለ መንደር ቆጮ ሊሸጡ የመጡ ናቸው። ቀረብ ብለው ክምሩን ዞሩት። ላሞቻቸውን ጉልበታቸው ሲደክም ለዘመድ አከፋፍለው አንዲት ብቻ ቀርታቸዋለች፤ የአንድ ላም እበት ደግሞ ለጓሮው አይበቃም። እንሰቱ ከስቷል አሉኝ፤ ስለ ሰው የሚያወሩ ነበር የሚመስለው። ልጆቻቸው ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጡ የከሳ ጓሮ እንዲያዩ አይፈልጉም። አሥር ማዳበሪያ ሙሉ ፈለጉ።

እኔ ሞቅ ብሎኛል፤ እንቁላሉ ገና ጉሮሮዬ ላይ ነው። ነሐሴ ሳያልቅ ደጃፎ ላይ አደርሳለሁ አልኩ። ወላሂም ጨመርኩ።

ያ ክረምት ግን ክረምት ነበር። ዝናቡ ላስቲኩን ገልጦ ገባና ክምሬን አበሰበሰው። መብሰል ትቶ ሾርባ ሆነ። ቁሳቁስም አጠረኝ፤ ደረቅ የሚባል ነገር ከወልቂጤ ጠፋ። በዚህ መሃል በድሩ የሚባል የአህያ ጋሪ ያለው ሰው አንድ ጋሪ ሙሉ የእንሰት ቅጠልና የተከተፈ ግንድ አምጥቶ በነጻ ላራግፍልህ አለኝ። በነጻ የሚባል ነገር ሲመጣ የቆራሌ ሰው ከየት ነው ብሎ አይጠይቅም። አልጠየቅኩም። ከትፌ ቀላቀልኩት።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ፌሮውን ሰካሁ። ሲወጣ ቀዝቃዛ ነው። አሥር፣ ሃያ ቆጠርኩ፤ ብፈልግ ትራስ አድርጌ እተኛበታለሁ። ክረምት ስለሆነ ብረቱ ነው የበረደው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ጋሽ ግርማ ሞቀ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ትኩሳቱ ውስጥ ለውስጥ ነው አልኳቸው። ሐኪም የሚናገረው ስለሚመስል አመኑኝ።

አሥሩን ማዳበሪያ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ላክሁ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ «ፋዘር፣ ሽታው አይነፋም» አለኝ። የበሰለ ፍግ የዝናብ አፈር ነው የሚሸተው። ይህን ለሠራተኛው ስንት ጊዜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «አንተ ዕድገት ሸትቶህ አያውቅም ማለት ነው» ብዬ ሸኘሁት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ በድሩ ሁለተኛ ጋሪ ይዞ መጣ። አመሰገንኩት፣ ሻይ አዘዝኩለት።

«ምን ምስጋና አለው» አለ፤ «ጉድጓድ ገላገልከኝ እንጂ። የታመመ እኮ ነው፤ ግማሹ ጓሮ በአጠውልግ አለቀብኝ። ለመቅበር አፈሩ ጭቃ ሆኖ አስቸገረኝ።»

የጨበጥኩት ሻይ ሳይሆን ያ ቀዝቃዛ ፌሮ መሰለኝ።

አጠውልግ ለማያውቅ ልንገር። እንሰቱ መሃሉ ላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆንና አንገቱን ይደፋል። ሲቆረጥ ቢጫ መግል የመሰለ ነገር ያወጣል። መድኃኒት የለውም። በቆረጥክበት ቢላ፣ በረገጥክበት ጭቃ፣ በላም አፍ ይሻገራል። አንድ እንሰት ለምግብ እስኪደርስ አምስትም ሰባትም ዓመት ይፈልጋል፤ በሽታው በወር ይጨርሰዋል። የሰው ጓሮ ማለት ደግሞ ጎተራው ነው። እኔ ይህን በሽታ በአሥር ማዳበሪያ ሰፍቼ፣ ጣሪያ ላይ ጭኜ፣ ለአንዲት ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት ልኬላቸዋለሁ።

ለጋሽ ግርማ ነገርኳቸው። ሂድና ንገራቸው አሉኝ። ስልክ ብደውልስ አልኩ። «ልጣሌ እያልክ የዞርከው በስልክ ነው?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ክርክር አልቋል ማለት ነው።

ሚኒባስ ውስጥ እስከ እምድብር ውሸት ስለማመድ ሄድኩ። አንደኛው፣ ፍጉ ለምርመራ ይፈለጋል። ሁለተኛው፣ ማዳበሪያዎቹ በስህተት የሌላ ሰው ናቸው። ሦስተኛው፣ የተሻለ ፍግ ስለመጣ እንቀይርሎ። ሦስተኛው በጣም አማረኝ፤ ራሴም ልገዛው ምንም አልቀረኝ።

መንደራቸው ጀፎረ ላይ ነው። በሁለት ረድፍ ቤቶች መሃል ሰፊ ሣር ተዘርግቶ፣ ከየቤቱ ኋላ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሏል። እማማ ዘነቡ ደጃፋቸው ላይ ቃጫ ያበጥሩ ነበር። ሦስተኛውን ውሸት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ ስደርስ ሥራቸውን አቆሙ።

«ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ፌሮው መቀዝቀዙንም ጭምር።

ሦስቱን ማዳበሪያ ቤቱ ጥግ ላሉት አሥራ አንድ እንሰቶች አልብሰዋል። ሰባቱ እንደታሰረ አለ። ሽታው አላማራቸውም ነበር፤ ግን ተምሯል፣ እንቁላል ሲቀቅል በዓይኔ አይቻለሁ ብለው አመኑኝ። ይቺ ከስድብ ሁሉ በላይ ነች።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉ ቀጥለው። እዚህ አገር ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ፍርድ ቤት ቆመሃል ማለት ነው። አባቴን ጠራሁ፣ አያቴን ጠራሁ፣ አገሬ ከአረቅጥ ወዲህ ነው አልኩ።

«የአረቅጥ ልጅ እንሰት መታመሙን አያውቅም?»

እንሰትን ሙዝ ያለ ጎንደሬ ይታለፋል። እኔ ምን ልበል? «አካፋ አሎት?» ብቻ አልኳቸው። በሕይወቴ የማስታውሰው ሁለተኛው አጭር ንግግሬ ነው፤ የመጀመሪያው ጥርሴን ስነቀል ነበር።

ያን ቀን ፍጉን ከላይ አፈሩ ጋር ጠርጌ ሰበሰብኩ። ከጓሮው ርቆ፣ ውሃ የማይወርድበት ቦታ፣ ወገቤ ድረስ ጉድጓድ ቆፍሬ ከሰባቱ ማዳበሪያ ጋር ቀበርኩት። አካፋውን አጥቤ እሳት ላይ ያዝኩት። ጫማዬንም አስወለቁኝ። ልሂድ ስል እማማ ዘነቡ ከበሩ ላይ የትም አትሄድም አሉ። ልጆቻቸው ለመስቀል እስኪመጡ በየጠዋቱ እበት የምሸከም እኔ ነኝ። የጎረቤት ላሞች እበት ሊሰጧቸው ተስማምተዋል፤ የጠፋው ተሸካሚ ነበር።

ሰሜን አገር ያለ አንባቢ ይህ ቀላል ቅጣት ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ወንድ እንሰት ይተክላል፣ ይነቅላል፣ ያዛውራል። ከበረት ጠርጎ እበት በቅርጫት ተሸክሞ ጓሮ የሚያለብስ ግን ሴት ነው። የክምር ኃላፊው ሸምሱ ቅርጫት ራሱ ላይ ጭኖ ጀፎረውን ሲያቋርጥ የመንደሩ ሴቶች ሥራ ፈቱ። አንዷ ባል ትፈልጋለህ ወይ አለችኝ። ሌላዋ ወገብህን ቀና አድርግ፣ ሙሽራ ነህ አለች። በሦስተኛው ቀን ጉንተላው ቀርቶ ምክር ሆነ፤ ቅርጫቱን እንዴት እንደማስቀምጥ አሳዩኝ። ጨዋታ አዋቂ መሆኔንም አመኑልኝ። እበቱ አንገቴ ላይ እየወረደ ነው ይህን ሁሉ የማጫውታቸው።

እዚያ የተማርኩትን ሰኞ ሰኞ አልተማርኩም። እማማ ዘነቡ ትኩሱን እበት በቀጥታ እንሰት እግር ላይ አያስደፉም። ከቤቱ ኋላ ይከመራል፣ ከሰፈር ጥራጊና ከደረቅ ቅጠል ጋር ይከርማል። ሲገለጥ ይጨሳል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱና ይጠብቃሉ። ክምሩ እጅ መልሶ ካልገፋ አልበሰለም ይላሉ። ፌሮ የላቸውም፣ ሻይም አይጠብቁም። የጋሽ ግርማን ክብ ሙሉውን ያውቁታል፤ ስም ስላላወጡለት ነው እንጂ። ላሟ ቅጠሉን ትበላለች፣ እበቱ ለእንሰቱ፣ እንሰቱ ለሰው፣ ሰውዬው ለእበቱ ተሸካሚ።

በየጠዋቱ ቅርጫቴን ከማንሳቴ በፊት አሥራ አንዱን እንዞራለን። የመሃል ቅጠላቸውን አንድ በአንድ ቀና ብለን እናያለን። ቀና ነው፣ ቀና ነው፣ ቀና ነው። አሥራ አንደኛው ላይ ስንደርስ ትንፋሼን እለቃለሁ፤ ከዚያ ቀልድ ይመጣልኛል።

ከመስቀል አራት ቀን በፊት ሰባተኛው ላይ ቆምን። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል።

እማማ ዘነቡ ቢላቸውን እሳት ላይ አገላብጠው ግንዱን ወጉት። ቢጫው ወጣ። ቢላውን መልሰው እሳት ውስጥ ጣሉትና መሬት ላይ ተቀመጡ። እንሰቱ ከእኔ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ባላቸው የሞቱ ዓመት የተከሉት ነው አሉኝ፤ ዘንድሮ ይደርስ ነበር፤ ለልጆቹ ሊፍቁት አስበው ነበር።

አጠገባቸው ቆምኩ።

«ዛሬ ቀልድ የለህም?» አሉኝ።

«የለኝም እማማ።»

«ደግ። ቆፍር።»

ከነሥሩ ነቀልኩት። ክንዴ እስኪዝል ቆፈርኩ፤ ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሥሩም፣ አንድ ቁራጭ ሳይቀር ገባ። ላሟ ወደዚያ እንዳትደርስ አጥር አጠርኩ። መጨረሻ ላይ ራሳቸው መጥተው አፈሩን በእግራቸው ጠቀጠቁት።

መስቀል ደረሰ፣ ልጆቻቸው መጡ። ትልቁ ልጃቸው ታሪኩን ሰምቶ እኔን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እናቱ በጆሮው አንድ ነገር አሉትና ቦታ ለቀቀልኝ። ምን እንዳሉት በኋላ ጠየቅኳቸው። «ራሱ መጥቶ ነው የነገረኝ አልኩት» አሉ። ከሙስሊም ጎረቤት ያስመጡትን ክትፎ አቀረቡልኝ። እጄን ሁለት ጊዜ ካስታጠቡኝ በኋላ ነው ታዲያ።

አሥሩ እንሰቶች ተረፉ። ዓመት አለፈ፣ ዛሬም ቆመዋል። ሰባተኛው በእኔ ፍግ ይታመም፣ በሌላ መንገድ ይምጣበት፣ ጋሽ ግርማ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ በእኔ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። በድሩንም ሄጄ አገኘሁት፤ ሁለታችን ሆነን ጓሮው ውስጥ የቀረውን የታመመ ሁሉ ነቅለን ቀበርን። ስድብ አልተለዋወጥንም፤ ጉድጓዱ ራሱ ይበቃ ነበር።

አሁን ግቢያችን በር ላይ ቆሜ እኔው እቀበላለሁ። የእንሰት ቅጠል ከማን ጓሮ እንደመጣ ሳልጠይቅ አይገባም። ክምሩ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፤ በሦስቱም ፌሮው እጄን ካላቃጠለ ወንፊት አያይም። ደንበኛ ለበዓል ይድረስልኝ ብሎ ቀጠሮ ሲጠይቀኝ ክምሩን ጠይቅ እለዋለሁ። ይህን ሁሉ በአማርኛም በጉራጌኛም ጮክ ብዬ ስለምናገር ሌላው ሠራተኛ አለቃ ሆነ ይለኛል። ልክ ነው፣ ሆኛለሁ።

ዘንድሮ ማህበሩን ለተቀላቀላችሁ ለእናንተ ለአዲሶቹ የምለው ይሄ ነው። መሬት የሰጣችሁትን ሁሉ ይቀበላል፣ በሽታውንም ጭምር፤ የሚለየው ሙቀት ነው። ክምራችሁ ሳይሞቅ አታውጡ። አውጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ወሬው ሳይቀድማችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ አካፋም ይዛችሁ ሂዱ።